በአምባዬ ደጅ የቆመው ጠማማ ድንኳን

አንድ ሰው ነበረ።

ሹመት የለው፣ ማዕረግ የለው። ሲናገር ቃል ያጥረዋል፤ ሲስቅ እንኳ አፉን ዘግቶ ነው። ገበያ መሀል ብታገኙት ዞር ብላችሁ የማታዩት ዓይነት ሰው። ታዲያ ምን ያደርጋል ይህ ሰው? ድንኳን ይተክላል።

የሠርግ ድንኳን እንዳይመስላችሁ። ለሠርግ ድንኳን መቼም ተካይ አይጠፋም፤ ጮማ አለ፣ ጠላ አለ፣ ሁሉም "እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ" ይላል። ይህ ሰው የሚተክለው የለቅሶ ድንኳን ነው። የእድሩን ድንኳን።

ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ በተለጠፈ ሰፈር ነው ነገሩ። እዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ምን ይሆናል? እናንተ ሰፈር የሚሆነው ይሆናል። ጎህ ሳይቀድ ጥሩንባ ይነፋል። ጥሩንባ ነፊው የሟቹን ስም እየጠራ በየመንገዱ ያልፋል። ሰውስ ምን ያደርጋል? አልጋው ውስጥ እንደተኛ ያማትባል፣ "ውይ ምስኪን" ይላል፣ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ይስባል። ውሸት ነው? ውሸት ከሆነ አሁኑኑ ተነሥታችሁ ተናገሩ።

ዝም አላችሁ። ጥሩ።

እሱ ግን፣ ጋሽ አምባዬ ይሉታል፣ ጥሩንባው ሁለተኛ ሳይነፋ ሱሪውን አጥልቆ በሩ ላይ ነው። የእድሩን መጋዘን ቁልፍ በክር አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው፤ እንደ ማተብ። ሸራውን በትከሻው፣ ምሰሶዎቹን በጋሪ አድርጎ ዳገቱን ይወጣል። ሟች ታጥቦ ሳይገነዝ ድንኳኑ ቆሞ ይጠብቃል።

ደግሞ አተካከሉ! የሐዘንተኛዋን በር ገመድ አይዘጋባትም፤ ሴቶቹ ውኃና ንፍሮ ይዘው ሲገቡ ሲወጡ እንዳይጠልፋቸው ያውቃል። ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፣ እንባ ዓይኑን የጋረደው ሰው እንኳ እንዲያየው። ክረምት ከሆነ በዙሪያው ቦይ ይቆፍራል። እግራቸው የማይታጠፍላቸውን ሽማግሌዎች የሚያስቀምጥበት ጥግ አለው። ሁሉን ጨርሶ ጭቃውን ከእጁ ይጠርግና ከሁሉ ኋላ፣ ዝናብ ከሚያካፋበት ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል።

ማን አዘዘው? ማንም። ማን ከፈለው? ማንም። ማን አመሰገነው?

ኧረ መልሱልኝ! ማን አመሰገነው?

ሰዉ እንደሆነ ድንኳኑ በራሱ የሚበቅል ነው የሚመስለው። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ጠዋት እንጉዳይ ብቅ ይል የለ? እንደዚያ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይበቅላል። ከሥሩ ቁጭ ብለን ንፍሯችንን እንቆረጥማለን፣ ስለ ሟቹ እናወራለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን፣ እንሄዳለን። ማጠፉ፣ ማጠቡ፣ ፀሐይ ሲወጣ ማስጣቱ የአምባዬ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንግባ።

አምባዬ ሚስት ነበረችው፤ አስካለ። የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ነው እሱ፣ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲተያዩ ያረጁ ሰዎች ናቸው። አስካለ ታመመች፤ አንድ የክረምት ሌሊትም እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ ዐረፈች። ጠዋት ጥሩንባ ተነፋ። የሰፈሩ ሰው መጣ። ሰማዩ ተቀዶ ይወርዳል። ድንኳኑም መጣ፤ ግን በጋሪ ላይ እንደተጠቀለለ።

ወንዶቹ ጋሪውን ከበው ቆሙ። አንዱ ሌላውን ያያል። አንዱ ምሰሶ ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ሌላው "ይሄ ነው መሀል የሚገባው?" ይላል። "እኔ ምን አውቄ!" ይላል ያኛው። ሰዉ በየበረንዳው ተጠልሎ ያያል፣ የሐዘንተኛውን ደጅ ዝናብ ይደበድበዋል።

በመጨረሻ አንዱ ወደ ውስጥ ገባ። አምባዬ ከሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ ምን እንዳለው ታውቃላችሁ?

"ጋሽ አምባዬ፣ አፈር ስሆን፣ የመሀሉ ምሰሶ የትኛው ነው?"

አምባዬ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ የአስካለን ፊት በነጠላዋ ሸፈነ፤ ተነሣ፤ ወጣ። በዚያ ዝናብ የገዛ ሚስቱን የለቅሶ ድንኳን በገዛ እጁ ተከለ። ቦዩን ቆፈረ። ቀይ ጨርቁን አሰረ። ሰዉ "እግዜር ያጽናህ፣ እግዜር ያጽናህ" እያለ ከጎኑ አልፎ ገባና በደረቁ ተቀመጠ። አምባዬ እጁን ታጥቦ ወደ ሚስቱ ሲመለስ ሴቶቹ ገንዘዋት ጨርሰዋል። ፊቷን ዳግመኛ አላየውም።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ቂም ያዘ? አልያዘም። ከዚያም በኋላ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ይነሣል፤ ይተክላል፤ ይነቅላል። ግን አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ሰንጥቆ እንደገባ እሾህ ተቀመጠ። "ማንም አላየም" ይላል ያ እሾህ። "ያን ቀን ምን እንዳደረግህ አንድም ሰው አላየም።"

ናዝሬት እህት አለችው። "ና፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻህን ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ና፣ ሰው ፊት አርጅ" ስትለው ኖራለች። እምቢ ሲል ኖሯል። ዘንድሮ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ክሩን ከአንገቱ አወለቀና ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄደ።

የእድሩ ዳኛ ጌጡ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ሆዱ የዋህ የሆነ ሰው። ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማ ሲወለውል ነበር።

"ጌጡ፣ እንካ" አለው፤ ቁልፉን ዘረጋለት።

"ምንድን ነው ይሄ? መቀርቀሪያው ተበላሸ?"

"አልተበላሸም። ሰኞ እህቴ ጋ እሄዳለሁ።"

"ጥሩ ነው፣ አየር ትለውጣለህ። መቼ ትመለሳለህ?"

"አልመለስም። እዚያው ልኖር ነው።"

ጌጡ ብሩሹን ጣለ። "እንዴ! እንዴ አምባዬ! ድንኳኑንስ?"

ሰማችሁልኝ? ያን ሁሉ ዓመት አብሮት የኖረ ሰው "ሄድኩ" ሲለው፣ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ድንኳኑንስ?" ነው። አንተስ አላለም። ምን ሆንክብን አላለም። ማን አስቀየመህ አላለም። ድንኳኑንስ!

አምባዬ ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። "ድንኳኑ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ደረቅ ነው" አለና ሄደ። ዳገቱን ሲወጣ እሾሁ "አላልኩህም?" አለው።

አሁን በጌጡ ላይ አትፍረዱ፤ የናንተም አፍ ከዚህ አይሻልም። ጌጡ ማታ እራት ላይ ለሚስቱ አወራላት አሉ። "አምባዬ ሊሄድብን ነው፤ ድንኳኑን ማን ይተክለዋል?" አላት። እሷም እንጀራዋን አስቀምጣ፣ "አንተ ሰው፣ ለሸራ ነው የምታዝነው? ሰውየው ምን ሆኖ ነው ቤቱን ዘግቶ የሚሄደው? ጠየቅኸው?" አለችው። አልጠየቀም። እንቅልፍም አልወሰደው። በጠዋት ተነሥቶ የእድሩን ወንዶች ሰበሰበና፣ "ዛሬውኑ ካባ እናልብሰው፣ እናክብረው፣ ምናልባት ይቀራል" አላቸው።

ሁሉም ተስማሙ። ጥሩ አሳብ ነው፤ ማን ይነቅፈዋል? ካባ ከሙሽራ ቤት ተዋሱ። ዳቦ አስጋገሩ። ታዲያ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የአምባዬ ግቢ ደግሞ ጠባብ ናት። አንዱ፣ "ታዲያ ድንኳኑን ለምን አንተክልለትም?" አለ። "እውነትህን ነው!" አሉ። "ስንት ዘመን ሲተክልልን፣ ዛሬ እኛ እንትከልለት!" እጅ ለእጅ ተመታቱ። ተደሰቱ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ይህን ያህል ወንድ ተሰብስቦ መከረ። አንዱስ፣ እስቲ አንዱስ፣ "የእድር ድንኳን ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ያየ ሰው ምን ይላል?" ብሎ አይጠይቅም? ጥሩንባ ነፊው ራሱ መሀላቸው ቆሞ ነበር እኮ! አንዲት ሴት ቢጠይቁ ትነግራቸው ነበር። አልጠየቁም።

አምባዬ ያን እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አስካለ መቃብር ዘንድ ሄደ። ሣሩን ነቀለላት፤ ድንጋዩን አስተካከለላት።

"አስካል፣ ልሄድ ነው" አላት። "እህቴ ጠርታኛለች።" የድንጋዩን ጭቃ በእጁ ጠረገ። "ድንኳንሽን ደህና አድርጌ ነበር የተከልኩልሽ። አላፈሰሰም።"

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ወፍጮ ቤቱን አልፎ ቀና ሲል ከላይ ሸራ አየ። የእድሩ ድንኳን ቆሟል። የት? እሱ ደጅ ላይ! "ውይ፣ ማን ሆነብን?" አለ። ጎረቤቱ እትዬ በላይነሽ ታማ አልጋ ከያዘች ሰንብታለች፤ የሷ ደጅ ስለማይበቃ ወደ እሱ አስጠግተው ተክለውት ይሆናል። "ወይኔ በላይነሽ! እኔ በሌለሁበት!" ብሎ መራመድ ጀመረ። ወደ ናዝሬት የሚሄድ ሰው መሆኑን ረሳው። እግሩ ብቻ አይደለም፣ እጁም ቸኮለ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች በጎኑ ታልፋለች።

"እኅቴ፣ ማን ነው የሞተው?" አላት።

ቀና ብላም አላየችው። "ውይ፣ አልሰማህም? አምባዬ! ድንኳን ተካዩ አምባዬ!"

"ነፍስ ይማር" አላት አምባዬ።

ከአፉ አመለጠው! ልማድ ነው። ሴትየዋ አልፋ ሄዳለች። እሱ ጭቃው መሀል፣ ፌስታሉን እንዳጠለቀ ተገተረ። ደረቱን ዳሰሰ። ሰሞኑን የሚያስለው ሳል ትዝ አለው። ኧረ በሕይወት ነኝ አለ። ግን እንደው ለሁሉም ብሎ አማተበ።

ቀስ ብሎ በጓሮ በኩል ዞረ። በአጥሩ ቀዳዳ አየ። ግቢው ሞልቷል፤ መንገዱም ሞልቷል። ከታች ሰፈር፣ ከገበያው በኩል፣ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ይህ ሁሉ ሰው ያውቀኛል እንዴ? አለ በሆዱ። ጌጡ ወንበር ላይ ወጥቶ እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል።

"ኧረ አልሞተም! እናንተ ሰዎች ስሙኝ እንጂ! አልሞተም!"

"ምስኪን፣ ወዳጁ ነበር እኮ" ትላለች አንዷ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "አልቀበል ብሎ ነው። ውኃ ስጡት።"

"ክብር ልንሰጠው ነው ድንኳን የተከልነው!"

"አዎ ጌጡ፣ ክብር ይገባው ነበር። አዎ፣ አዎ። ና ውረድ፣ ትወድቃለህ።"

"ታዲያ ጥሩንባው መቼ ተነፋ?" ብሎ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ፣ "ድንኳኑ ቆሞ እያየህ ጥሩንባ ምን ያደርግልሃል!" ብለው ተቆጡት።

መሀል ላይ እማማ ትርንጎ ቆማለች። ትርንጎ የሰፈሩ አልቃሽ ናት፤ አሮጊት፣ ምላሷ እንደ መጋዝ፣ ድምፅዋ ግን ድንጋይ የሚያስለቅስ። እሷ ደረቷን መትታ ሙሾ ስታወርድ ግቢው ጸጥ አለ።

በዝናብ በጭቃ ለሁሉ ሰው ደጅ፣
ድንኳን የሚተክል ማን ቀረን ወዳጅ?

ሰዉ አጨብጭቦ ተቀበላት። "ወንድሜን! ወንድሜን!" አንዱ፣ "የአባቴ ለት በጎርፍ ውስጥ ቆሞ ገመድ ይዞ ነበር ያደረው" ይላል። አንዷ፣ "ልጄን የቀበርኩ ጊዜ ጋቢውን አውልቆ ነው ከሥሬ ያነጠፈልኝ" ትላለች። "ቀይ ጨርቁን! ያቺን ቀይ ጨርቁን!" ትላለች ሌላዋ፣ ሌላ ቃል አልወጣ ብሏት። አምባዬ ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ይሰማል። ይህን ሁሉ ያውቃሉ? ከዚያ ትርንጎ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው።

ሚስቱ የሞተች ለት ማን ደረሰላት፣
እሱው ነው ድንኳኑን የዘረጋላት።

በዚህች ጊዜ አምባዬ አጥሩን ያዘ።

አይታለች። ያን ቀን ትርንጎ አይታለች። ከሬሳው ተነሥቶ ሲወጣ አይታዋለች። ሌላም ያየ አለ፤ ግቢው ሁሉ በአንዴ ሲያለቅስ ይሰማዋል፤ ጌጡ ከወንበሩ ወርዶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። አይተው ነበር! ሁሉም አይተው ነበር። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ደረታቸው ውስጥ ይዘው፣ በየጠዋቱ "ደህና አደርክ" ብቻ ብለውት ያልፋሉ? ምን ሊያደርጉት ነው የሚያስቀምጡት? ለመቼ?

ለዚህ ቀን ነዋ። ለሬሳው። ጆሮ ለሌለው ሰው ነው ያስቀመጡለት።

አምባዬ እንባው ከዝናቡ ጋር ወርዶ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። እዚያው ቆሞ ይቀር ነበር። ግን ቀና ሲል ዓይኑ ድንኳኑ ላይ ዐረፈ።

ጌታዬ ሆይ፣ ምን ዓይነት ድንኳን ነው! የጥጉን ምሰሶ መሀል ተክለውታል፤ የመሀሉን ጥግ። ወገቡ ጎብጧል። ገመዱ በሩን ዘግቶታል፤ ገቢው ሁሉ እየተደናቀፈ ነው የሚገባው። ቦይ የለ። ሸራው መሀሉ ላይ ውኃ አቁሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ካስማው ላይ ቢያነጥስ ይወድቃል።

ሰውየው መሞቱን ይችለው ነበር። ይህን ግን አልቻለም።

አጥሩን ገፋ አድርጎ ገባና፣ "ማነው ይህን ድንኳን እንዲህ የተከለው?" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተው ገምቱት። አንዱ "በስመ አብ!" ብሎ አግዳሚውን ይዞ ተገለበጠ። የዳቦው ሌማት ተደፋ። ያቺ መንገድ ላይ "አምባዬ ሞተ" ያለችው ሴት ደርቃ ቀረች። አምባዬ ፌስታሉን ከራሱ አወለቀ። "እኔ ነኝ፤ አትፍሩ። ግን ይሄ ድንኳን..."

ትርንጎ ቀረበችው። አፍጥጣ አየችው። ጉንጩን ቆነጠጠችው። ሙቀቱን ባረጋገጠች ጊዜ በጥፊ ልትለው ምን ቀራት!

"አንተ ሽማግሌ! በሕይወት እያለህ ነው እንዲህ ደረቴን ያስደበደብከኝ? እንባዬን መልስ!"

"ማን አልቅሺ አለሽ፣ ትርንጎዬ?"

"ኧረ ዝም በል! ደህና ደህናውን ግጥም ጨረስኩብህ። ስትሞት ምን ልልህ ነው?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ እልል የሚል። አንዱ ያቅፈዋል፤ አንዱ እጁን ይስማል። አምባዬ ግን በሰው መሀል አንገቱን እያሾለከ ምሰሶውን ነው የሚያየው። "ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄን ላስተካክለው፤ ሽማግሌዎቹ ላይ ይወድቃል" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጌጡ እጁን ያዘው።

"አትንካው።"

"ውኃ አቁሯል እኮ ጌጡ፤ ይወርድባችኋል!"

"ይውረድብን።"

"ምሰሶው ተሳስቷል!"

"አውቃለሁ። የትኛው እንደሆነ ዛሬም አናውቅም" አለ ጌጡ። ያ ጮክ ያለ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። "አንድ ጊዜ ገብቼ ጠይቄሃለሁ። አስካለ አጠገብ ተቀምጠህ ሳለ፣ ገብቼ አስነሥቼሃለሁ። ዛሬ ግን አላስነሣህም። ሐዘንም ይሁን ደስታ፣ ሰው በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ተካይ አይሆንም። ቁጭ በል፣ አምባዬ።"

ትርንጎ ደግሞ ከኋላው፣ "ቁጭ በል ብሎሃል! ሞተህ ስንቀመጥልህ አልሰለቸንም፣ ቆመህ አታስቸግረን" አለችው።

አምባዬ ዙሪያውን አየ። እጁ አየር ላይ እንደተዘረጋ ነው። እዚያ እጅ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አስቡት፤ ያንን ሁሉ ካስማ፣ ያንን ሁሉ ገመድ፣ ያንን ሁሉ የሰው ሐዘን። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደው። ከሽማግሌዎቹ መሀል፣ ከሁሉ ፊት፣ ቁጭ አለ።

ካባውን አለበሱት። ሊመርቁት የተጠሩት ቄስ አፋቸውን ሲከፍቱ ያ የተወጠረ ሸራ አልቻለም። ውኃው ሙሉ በሙሉ አምባዬ ራስ ላይ ወረደ። በካባው ላይ፣ በአንገቱ ውስጥ፣ በጀርባው! ሰዉ "ውይ!" ብሎ ተነሣ።

አምባዬ አልተነሣም።

እንደ ሕፃን ኩርምት ብሎ፣ ውኃው ከጢሙ እየወረደ፣ አፉን ከፍቶ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱን ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። "አስካል ብታይ" አለ፣ "አስካል ይህን ብታይ!" ጠማማው ድንኳን እያፈሰሰበት፣ እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጠ። አንዲት ገመድ አልነካም።

ሰኞ የናዝሬቱ አውቶቡስ ሄደ። አምባዬ አልሄደም። ቁልፉን ጌጡ መልሶ ሊሰጠው ቢመጣ፣ "እሱ አንተው ዘንድ ይሁን፤ ብቻ ወንዶቹን ይዘህ ና፣ የመሀሉ ምሰሶ የትኛው እንደሆነ ላሳያችሁ" አለው። እህቱም መጥታ ጠየቀችው፤ ነገሩን ሰምታ፣ "እኔም ልሙትና ልመለስ ይሆን እንዴ?" ብላ ሳቀች አሉ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። አሁን ነው አንገታችሁን የምትደፉት፣ ቀና በሉ።

የናንተ አምባዬ ማን ነው? ቆሻሻው ቱቦ ሲደፈን እጅጌዋን ጠቅልላ የምትገባዋ ማን ናት? ምጥ የያዛትን ሴት ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ የሚሮጠው ማን ነው? ጎርፍ መንገዱን በበላው ቁጥር ድንጋይ እየለቀመ የሚሞላው፣ እናንተ በደረቅ ጫማ ስታልፉበት ቀና ብሎ የማያያችሁ? የበሽተኛዋን አሮጊት ልብስ የምታጥበው? አታውቋቸውም እንዳትሉኝ። ታውቋቸዋላችሁ። ትርንጎም ታውቅ ነበር፣ ጌጡም ያውቅ ነበር። አለማየት አልነበረም የዚያ ሰፈር ጥፋት። አይቶ መዋጥ ነበር።

ሰው ሲሞት ምላሳችን ይፈታል። ደግ ነበር፣ ሩኅሩኅ ነበር፣ መተኪያ የለውም። ለማን ነው የምታወሩት? እሱ የት አለ? ሬሳ አይሰማም እኮ! በሕይወት ሳለ በደጃችሁ ሲያልፍ ጠርታችሁ አንዲት ቃል ብትሉት አፋችሁ ይቆስል ነበር? "አይቼሃለሁ፤ ያን ቀን ያደረግኸውን አይቻለሁ" ማለት ምን ይከብዳል? ስንቱ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ያወጣው ይህችን አንዲት ቃል አጥቶ ነው!

ሐውልት አቁሙ ያላችሁ የለም። ካባም ከሌለ ይቅር፤ ያም ካባ የውሰት ነበር። ደግሞ አጨብጭባችሁ ብቻ እንዳትሄዱ። ጭብጨባ እጅ ያሞቃል እንጂ ምሰሶ አያቆምም። ሂዱና የሸክሙን ሌላኛውን ጫፍ ያዙ። "የመሀሉ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ግን ዛሬ ጠይቁ፣ ሚስቱ ሳትሞት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ሰውየው ሳይደክም።

"አንችልበትም፣ ይበላሽብናል፣ ደግሰን፣ ተዘጋጅተን፣ አሳምረን ስንችል" አትበሉኝ። አሳምሮ የሚተክለው እሱ ነው፤ እናንተ አታሳምሩትም፤ እስኪያምርም አትጠብቁ። ጠማማ ይሁን። ይጉበጥ። ያፍስስ። ሰውየው በእግሩ ገብቶ የሚቀመጥበት ድንኳን ይሁን እንጂ።